የፍላጻው ቤት ስሙ ማን ነው?

ጥያቄ፦ እስራኤል ውስጥ ነታንያ ከተማ የምኖር የቆዳ ሠራተኛ ነኝ። ቦርሳና ቀበቶ ስሰፋ ኖሬ፣ በቅርቡ ቀስት የሚለማመዱ ሰዎች በጀርባ የሚነገት የቀስት መያዣ ያሠሩኝ ጀመር። በዕብራይስጥ “አሽፓ” ይባላል። ለአማርኛ ተናጋሪ ደንበኞቼ ግን “የቀስት ቦርሳ” ከማለት ሌላ ቃል አጣሁ። አጎቴ “አፎት በል” ይሉኛል፣ ጓደኛዬ “ኮረጆ ነው” ይላል። የቱ ነው ልክ? ደግሞስ ለአንድ ሰው ተለክቶ የተሠራውን ምን ልበለው?

መልስ፦ አጎትዎና ጓደኛዎ ከመታረቃቸው በፊት “ቀስት” የሚለውን ቃል ከጥያቄዎ ላውጣው። ቀስት የሚገተረው ነው፤ ተወንጭፎ የሚሄደው ፍላጻ ነው። ቀስተ ደመና ስሙን ያገኘው ከጎባጣው እንጂ ከሚወነጨፈው አይደለም። ዛሬ በመንገድ ምልክትም በኮምፒውተር ሰሌዳም ላይ አቅጣጫ ጠቋሚውን ሁሉ ቀስት እንለዋለን፤ እዚያ ልማዱ አሸንፏል፣ አልሟገትም። “ቀስት ወረወረ”ም ይባላል፣ ቀስቱን የሚወረውር ሰው ባይኖርም። በእርስዎ ሥራ ግን ልዩነቱ የቆዳ ዋጋ ያስወጣል። “የቀስት መያዣ” ብሎ ያዘዘ ደንበኛ ደጋኑን ይዞ መጥቶ “አልገባልኝም” ቢል ምን ይመልሱለታል? ሁለቱን አንድ ላይ የሚይዝ ማኅደር የነበራቸው የጥንቶቹ ፈረሰኛ ሕዝብ እስኩቴሶች ናቸው፤ ግሪኮች ያንን “ጎሪቶስ” ይሉታል። እንዲህ ያለ ትእዛዝ ከመጣልዎ ያኔ “የቀስትና የፍላጻ” ይበሉት።

ወደ አፎት እንምጣ። የአጎትዎ ቃል ከባድ ምስክር አለው። በ1954 ዓ.ም. የታተመው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ፣ ዘፍጥረት 27 ላይ፣ ይስሐቅ ኤሳውን ለአደን ሲልከው ቀስቱን ከፍላጻው አፎት ጋር እንዲይዝ ያዘዋል። አፎት ግን በተራ ንግግር የጎራዴና የቢላዋ ነው፤ ሰገባም እንደዚያው። ሁለቱም አንድ ስለት ብቻ የሚገባባቸው፣ ገላውን ጥብቅ አድርገው የሚይዙ ናቸው። ስለዚህ ነው ጎራዴ ከአፎቱ “የሚመዘዘው”። ፍላጻ ቤቱ ውስጥ በአንድ ላይ ቆሞ፣ ላባው ወደ ላይ ወጥቶ፣ አንዱ ከሌላው እየተለየ ነው የሚነሣው። ተርጓሚዎቹ የጎራዴውን ቃል ለፍላጻ ማዋሳቸው ስንፍና አልነበረም። የደጋው ተዋጊ መሣሪያ ጦርና ጋሻ፣ ጎራዴም ነበር፤ ፍላጻ ተሸክሞ የሚዞር ጥቂት ነው። ዕቃው ባልበዛበት የዕቃው ቤት ስምም አይበዛም።

ግዕዝ ግን ነበረው። “ምጕንጳ” ይባላል። አጎትዎ ዳዊት በግዕዝ የሚደግሙ ከሆነ መዝሙር 10 ላይ ያውቁታል፤ ኃጥኣን ቀስታቸውን ገትረው “አሕጻ”ቸውን በምጕንጳቸው ያሰናዳሉ። ሐጽ ፍላጻ ማለት ነው፤ የእርስዎ የዕብራይስጥ “ሔጽ” ወንድም። አሁን ዕብራይስጡን ይክፈቱና ያንኑ ቁጥር ይፈልጉ፤ እዚያ መዝሙር 11 ነው። ፍላጻው ያለው አውታሩ ላይ ነው፤ ማኅደር የለም። በተቃራኒው መዝሙር 127 ላይ፣ በግዕዙ 126፣ ልጆች በኃያል እጅ እንዳለ ፍላጻ ናቸው ካለ በኋላ ዕብራይስጡ “አሽፓውን በእነርሱ የሞላ ሰው ብፁዕ ነው” ይላል። ግዕዙ ግን “ፍትወቱን” ይላል፣ ምኞቱን። የግዕዙ ዳዊት የተተረጐመው ከግሪኩ ከሰባ ሊቃናት ስለሆነ ግሪኩን ተከትሎ ነው። እንግዲህ በአንዱ መዝሙር የግዕዝ አንባቢ ምጕንጳ ሲያገኝ የዕብራይስጡ አንባቢ ያጣል፣ በሌላው ደግሞ በተራው ዕብራይስጡ አሽፓ ሲኖረው ግዕዙ በምኞት ብቻ ይቀራል። (የዛሬው ዕብራይስጥ “አሽፓ” ቆሻሻም ስለሆነ ደንበኞችዎ መቀለዳቸው አይቀርም። ምጕንጳ ከዚያ ቀልድ ያድናል፣ ግን ማን ይረዳዋል?)

እዚህ ላይ ከጥያቄዎ ትንሽ ልውጣ። የፍላጻ ቤት ስም ቢጠፋብንም የቀስት ግሶች ከእኛ አልራቁም። “መሣሪያ ደገነበት” የምንለው ከደጋን ጋር የሚዛመድ ነው፤ መሣሪያው ጠመንጃ ሆነ እንጂ። “ነደፈ” ደግሞ በግዕዙ መዝሙር 10 ላይ በፍላጻ መውጋት ነው፤ በአማርኛ ንብ ይነድፋል፣ ጥጥም በደጋን ይነደፋል። ጥጥ ነዳፊዋ እጅ ላይ ያለው የተገተረ ጅማት የአዳኙ ቀስት ታናሽ ወንድም ነው።

ኮረጆን እኔ ብዙም አልወደውም። ለስላሳ፣ ቅርጽ የሌለው፣ ያገኙትን የሚከቱበት ከረጢት ነው፤ ከዚህም በላይ የምርጫ ድምፅ የሚገባበትን ሣጥን “ኮረጆ” ማለት ከለመድን ወዲህ ቃሉ ሌላ ሽታ አለው። “ኮረጆ ሰፋሁለት” ያለ ባለሙያ ቆዳው ልል ከሆነ ልክ ነው። የእርስዎ ግን በጠንካራ ቆዳ የተሰፋ፣ ቀጥ ብሎ የሚቆም ይመስለኛል። ለእንደዚህ ያለው ሥራ በአገር ቤት የሚቀርበው ዘመድ የዳዊት ማኅደር ነው፦ መጽሐፉን ልክ አድርጎ የሚይዝ፣ ማንገቻ ያለው የቆዳ ቤት። ማኅደር የታካሚ መዝገብ ሳይቀር እስኪይዝ ድረስ ሰፍቷል፤ ፍላጻ ቢጨመርበት አይከብደውም።

ስለዚህ ፍርዴ ይህ ነው። በጽሑፍ፣ በተለይ ጥንታዊ ነገር ሲያወሩ፣ አጎትዎን ይስሙና “የፍላጻ አፎት” ይበሉ። በሱቅ “የፍላጻ ማኅደር” ይበሉ። በሁለቱም “የፍላጻ” የሚለው አይውደቅ፤ ብቻውን “አፎት አለኝ” ቢሉ ደንበኛው ቢላዋ ይዞ ይመጣል።

“በትእዛዝ” እና “በልክ” ይለያያሉ። በትእዛዝ የተሠራ ማለት ደንበኛው ከጠየቀ በኋላ የተሠራ ነው፤ ሃያውም አንድ ዓይነት ሊሆን ይችላል። በልክ የተሠራ ማለት የእሱን ፍላጻ ርዝመትና የጀርባውን ስፋት ለክተው የቆረጡት ነው። ልብስ ሰፊዎች “ልክ መውሰድ” የሚሉት እዚህም ይሠራል። ፍላጻው 71 ሴንቲ ሜትር ከሆነና ማኅደሩን ከዚያ አሳጥረው ላባው ከአፉ እንዲወጣ ካደረጉት፣ “በልኩ ነው” ለማለት መብት አለዎት። የላይኛውን ክፍት “አፍ” ይበሉት፣ እንደ ስልቻ። ጀርባ ላይ የሚውለውን “የሚያነግቱት”፣ ወገብ ላይ የሚታሰረውን “የሚታጠቁት” ብለው ሁለቱን ለዩ፤ ደንበኛው በስልክ ሲጠይቅዎ ከዚህ ሌላ ማብራሪያ አይፈልግም።