ሐምሌ ለምን ይበርዳል? ስለ አገራችን አየርና ዝናብ ጥያቄና መልስ

ጂኦግራፊ አስተምራለሁ። ዛሬ ስለ ኢትዮጵያ የአየር ንብረትና ወቅቶች የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ፤ የማውቀውን እመልሳለሁ።

ጥያቄ (ከዋሽንግተን)፦ ሰላም መምህር። ልጆቼን ሐምሌ ላይ አዲስ አበባ ይዣቸው ስሄድ በብርድ ተንቀጠቀጡ። ለምድር ወገብ ቅርብ ሆነን ሳለ ይህ እንዴት ይሆናል?

መልስ፦ እንኳን ደህና መጡ። አንደኛው ምክንያት ከፍታው ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ትገኛለች፤ 1,000 ሜትር በወጣን ቁጥር ደግሞ ሙቀቱ በአማካይ 6 ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። ሁለተኛው ደመናው ነው። ፀሐይ በአዲስ አበባ አናት ላይ በዓመት ሁለት ጊዜ ታልፋለች፤ አንዴ ሚያዝያ መጀመሪያ፣ አንዴ ነሐሴ ማብቂያ ላይ። በሚያዝያ ሰማዩ ገለጥ ስለሚል ሙቀቱ ይሰማናል። በነሐሴ ግን ብርሃኗን ደመናው ከላይ ስለሚመልሰው መሬቱ ሳይሞቅ ይውላል። ስለዚህ የከተማዋ ሞቃት ወራት ከመጋቢት እስከ ግንቦት ናቸው። ለልጆቹ ሹራብ ይያዙላቸው።

ጥያቄ (ከደብረ ብርሃን)፦ እኛን ደግሞ ውርጭ የሚመታን ሰማዩ ጥርት ሲል ነው፤ ኅዳርና ታኅሣሥ። ደመና ካቀዘቀዘ ጥራቱ ለምን አያሞቀንም?

መልስ፦ ቀን ቀን ያሞቃችኋል። ማታ ነው ነገሩ የሚገለበጠው። መሬት በቀን የሰበሰበችውን ሙቀት ሌሊት ወደ ሰማይ ትለቃለች፤ ደመና ሲኖር እንደ ጋቢ ሸፍኖ ያስቀርላታል፣ ሰማዩ ሲጠራ ግን የሚይዘው የለም። በከፍታ ላይ አየሩ ስስና ደረቅ ስለሆነ ብርዱ ይብሳል። በዚያ ላይ ቀዝቃዛ አየር ከባድ ነውና ተዳፋቱን ይዞ ወርዶ ሸለቆ ውስጥ ይተኛል። ረባዳው ላይ ያለው ባቄላ ጠቁሮ ሲያድር ተረተሩ ላይ ያለው የሚተርፈው በዚህ ነው። ማሳ የመምረጥ ዕድል ካላችሁ ለውርጭ ስስ የሆነውን ሰብል ከረባዳው አርቁት።

ጥያቄ (ከደሴ አካባቢ)፦ እኛ በበልግም በመኸርም እናመርታለን። ጎጃም ያሉት ዘመዶቼ የሚጠብቁት ክረምቱን ብቻ ነው። ልዩነቱ ከየት መጣ?

መልስ፦ እጅግ የምወደው ጥያቄ ነው፤ ትንሽ ታገሡኝ። ሙቀትን በአመዛኙ የሚወስነው ከፍታ ነው። ዝናብን ግን ከፍታ ብቻውን አይወስነውም፤ ነፋሱ ከየት መጣ፣ እናንተስ ከተራራው በየትኛው ወገን ናችሁ የሚለው ይበልጣል።

በበልግ እርጥበት የሚመጣው በአብዛኛው ከምሥራቅና ከደቡብ ምሥራቅ፣ ከሕንድ ውቅያኖስ በኩል ነው። የወሎ ምሥራቃዊ ገደል ፊት ለፊት ይቀበለዋል። አየሩ ገደሉን ሲወጣ ይቀዘቅዛል፣ እርጥበቱም ደመናና ዝናብ ይሆናል። ጎጃም የሚደርሰው ትራፊው ነው።

በክረምት የሰሜንና የደቡብ ነፋሶች የሚገናኙበት የዝናብ ቀበቶ ፀሐይን ተከትሎ ወደ ሰሜን ይወጣል። እርጥበቱም ከሕንድ ውቅያኖስ ሌላ ከአትላንቲክና ከኮንጎ ደኖች በኩል፣ ከደቡብ ምዕራብ ይገባል። መጀመሪያ የሚያገኘው ኢሉባቦርንና ከፋን ነው፤ ጎሬ በዓመት ወደ 2,000 ሚሊ ሜትር ገደማ የሚዘንብባት ለዚህ ነው። ወደ ሰሜን ምሥራቅ በሄድን መጠን ዝናቡም የዝናቡ ወራትም ያንሳሉ። ተራራውን ተሻግሮ ወደ አፋር የሚወርደው አየር ደግሞ ሲወርድ ይሞቃል፣ ይደርቃል፤ በሰሜኑ አፋር በዓመት 200 ሚሊ ሜትር የማይሞላበት ብዙ ቦታ አለ።

በአንድ ተራራ ላይ ማየት የሚፈልግ ባሌ ይሂድ። በደቡብ በኩል ሐረና ደን ጥቅጥቅ ብሎ ይታያል፤ ከላይ ያለውን የሰነቴ አምባ ተሻግሮ ወደ ሰሜን ሲወርድ መሬቱ ደረቅ እያለ ይሄዳል።

ወደ እናንተ ስመለስ፣ ሁለት ዝናብ ማግኘት ጸጋ ነው፤ ነገር ግን በልግ እንደ ክረምት አይታመንም። በልግ ሲቀር የወሎ ገበሬ የሚጎዳው ጎረቤቱ ሳያውቅለት ነው።

ጥያቄ (ተማሪ)፦ ዳሎል ለምን እንደዚያ ይሞቃል?

መልስ፦ ቦታው ከባሕር ወለል ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ያለ ነው፤ በዙሪያው ያለው ከፍታ እርጥቡን ነፋስ ያግድበታል፣ ደመናም የለውም። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. የተለካው አማካይ የዓመት ሙቀት ከ34 ዲግሪ በላይ ነበር፤ ሌሊቱንም ጨምሮ ማለት ነው።

ጥያቄ (ከያቤሎ)፦ በሬዲዮ «ዘንድሮ ክረምቱ ጥሩ ነው» ሲባል እኛ ዘንድ ከብት እያለቀ ነው። የምንኖረው በአንድ አገር አይደለም እንዴ?

መልስ፦ ቅሬታዎ እውነት ነው። ቦረና ዝናብ የሚያገኘው «ገና» (ከመጋቢት እስከ ግንቦት) እና «ሀገያ» (ከመስከረም እስከ ኅዳር) በሚባሉት ሁለት ወቅቶች ነው፤ የዝናቡ ቀበቶ ወደ ሰሜን ሲያልፍና ወደ ደቡብ ሲመለስ። የሶማሌ አርብቶ አደሮችም «ጉ» እና «ደይር» በሚሏቸው ወቅቶች እንዲሁ። ሰሜኑ በክረምት ሲርስ በእናንተ ዘንድ ደረቅ ወቅት ነው፤ በሶማሊያ ጠረፍ በኩል የሚነፍሰው ኃይለኛ ነፋስ እርጥበቱን ይዞ ወደ ሕንድ ይሻገራል።

የሰላማዊ ውቅያኖስ ሙቀት ሲለዋወጥም ሁለታችን የምናገኘው የተለያየ ነው። ኤልኒኖ፣ ማለትም የውቅያኖሱ ውሃ ከወትሮው ሲሞቅ፣ ክረምቱን ያዳክማል፤ በ2015 እ.ኤ.አ. በደረሰው ድርቅ ከ10 ሚሊዮን በላይ ሰው እርዳታ ፈልጓል። የእናንተን የሀገያ ዝናብ ግን ብዙ ጊዜ ያጠናክረዋል። ላኒና፣ ማለትም ውሃው ከወትሮው ሲቀዘቅዝ፣ ተቃራኒው ይሆናል፤ ከ2020 መጨረሻ እስከ 2022 እ.ኤ.አ. አምስት ተከታታይ የዝናብ ወቅቶች የከሸፉባችሁ በላኒና ዘመን ነበር። በእኔ እምነት የአገሩን ዝናብ በአንድ አማካይ ቁጥር መናገር ሰው ይጎዳል። ትንበያ ሲነገር የየትኛው አካባቢ፣ የየትኛው ወቅት እንደሆነ አብሮ መነገር አለበት።

ጥያቄ (ከመቀሌ)፦ አባቴ ከአስመራ ወደ ምፅዋ ሲወርድ ጥር ላይ ዝናብና ጉም ያገኘው እንደነበር ያወራል። በጥር ደግሞ ምን ዝናብ አለ?

መልስ፦ ልክ ናቸው። በበጋ ቀይ ባሕርን የሚያቋርጠው ነፋስ እርጥበት ይዞ የኤርትራን ምሥራቃዊ ተዳፋት ይመታል፤ ላይ ደጋው ላይ ፀሐይ ሆኖ ከታች ተዳፋቱ ይረሰርሳል። በዚያ ተዳፋት ላይ ያለው ደን አረንጓዴ ሆኖ የሚቆየውም በሁለቱም ወቅቶች፣ በክረምትም በበጋም፣ ዝናብ ስለሚያገኝ ነው።