ቱርቦ ሲገፋ ነዳጅ የሚቋረጠው ለምንድን ነው? ጥያቄና መልስ

የዛሬዎቹ ጥያቄዎች በሙሉ የሁለተኛው ትውልድ ቶዮታ 3ኤስ-ጂቲኢ ሞተርን ይመለከታሉ። በሴሊካ ጂቲ-ፎርና በኤምአር2 ቱርቦ ላይ ያለው ማለት ነው።

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ። ማርሚታውን በሰፊ ካስቀየርኩ ወዲህ በሦስተኛ ማርሽ እስከ መጨረሻው ስረግጥ መኪናው በአንዴ ቀጥ ይላል፤ እግሬን ሳነሳ ይመለሳል። የነዳጅ ፓምፑ ነው?

መልስ፦ አይመስለኝም ወንድሜ። ፓምፕ ሲደክም ጉልበቱ ቀስ እያለ ነው የሚወርደው። ያንተ ግን ቁልፍ የተዘጋ ያህል ድንገት ነው። ኮምፒዩተሩ የቱርቦው ግፊት ከልክ ማለፉን አይቶ፣ ሞተሩን ለማዳን ኢንጀክተሮቹን ዘግቷቸዋል። የዚህ ሞተር ቱርቦ ሲቲ26 ይባላል፤ ዌስትጌቱ፣ ማለትም ትርፍ ጭስ ቱርቦውን ሳያዞር የሚያልፍበት በር፣ ጠባብ ነው። ማርሚታው ሲከፈትለት የሚተርፈውን ጭስ ማስወጣት ስለሚያቅተው፣ ዙሩ በጨመረ ቁጥር ግፊቱ ሳትነካው ወደ ላይ ይሄዳል። ግፊት መለኪያ ጌጅ ከሌለህ ከሁሉ በፊት እሱን አስገጥም።

ጥያቄ፦ በእርግጠኝነት የማውቀው በምንድን ነው?

መልስ፦ ሞተሩ ክፍል ባለው የምርመራ ሳጥን ውስጥ ቲኢ1 እና ኢ1 የሚል የተጻፈባቸውን ሁለት ቀዳዳዎች በአጭር ሽቦ አገናኝና ሞተሩን ሳታስነሳ ቁልፉን ክፈት። የሞተር መብራቱ ሦስት ጊዜ፣ ትንሽ ቆይቶ አራት ጊዜ ብልጭ ካለ ኮድ 34 ነው፤ የቱርቦ ግፊት ከልክ አልፎ ነበር ማለት ነው። የሚቆርጥበትንም ልብ በል። ዙሩ የትም ሆኖ ሁልጊዜ በአንድ ግፊት ላይ ከቆረጠ ነገሩ የግፊት ነው። ሁልጊዜ በአንድ ዙር ላይ ከሆነ ግን የዙር ገደቡን ነክተሃል።

ጥያቄ፦ የኔ አይቆርጥም፤ ግፊት ሲጨምር ይንተፋተፋል፣ ይተኩሳል።

መልስ፦ ካንዴላ። ክፍተቱን ወደ 0.7 ሚሊሜትር አጥብበው፤ ካልተወው ቦቢናውንና የካንዴላ ገመዶቹን እይ።

ጥያቄ፦ የቱርቦውን ግፊት 14 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ አሃድ) ላይ አስተካክዬ አዲስ አበባ ውስጥ ምንም ችግር የለብኝም። ወደ ድሬዳዋ ስወርድ ግን አዋሽ አካባቢ መቁረጥ ጀመረ። ሙቀቱ ይሆን?

መልስ፦ ይህን ጥያቄ ወድጄዋለሁ፤ ብዙ ሰው በዚህ የተነሳ ደህና የግፊት ሴንሰር ቀይሯል። ጌጅህ የሚያሳይህ ከአካባቢው አየር በላይ ያለውን ግፊት ብቻ ነው። የቶዮታው ሴንሰር ግን ጠቅላላውን ይለካል። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት ራሱ 11 ፒኤስአይ ገደማ ነው፤ በባሕር ወለል 14.7 ነው። ዌስትጌቱም የሚሠራው ከአካባቢው አየር ጋር እያነጻጸረ ስለሆነ የትም ብትሄድ 14 ይሰጥሃል። ደምረው፦ አዲስ አበባ 25፣ አዋሽ ግን አየሩ ወደ 13 ስለሚጠጋ 27። ይህ ሞተር በባሕር ወለል ጌጁ 12 አካባቢ ሲደርስ ነው የሚቆርጠው፤ በጠቅላላው 27 ገደማ መሆኑ ነው። ቆላ ስትወርድ ወደ 11 ቀንሰው። ጉልበት ይቀርብኛል ብለህ አትስጋ፤ ድምሩ አዲስ አበባ ከለመድከው ብዙም አይርቅም። ጅቡቲ ድረስ የምትዘልቅ ከሆነ 10 ይበቃሃል።

ጥያቄ፦ ነዳጅ እንዳይቆርጥ የሚያደርግ ትንሽ መሣሪያ ይሸጣል። ልግዛው?

መልስ፦ እባክህ አሁን አትግዛው። መሣሪያው የሚያደርገው የሴንሰሩን ቮልቴጅ ከኮምፒዩተሩ መደበቅ ነው፤ አንዲት ጠብታ ነዳጅ አይጨምርልህም። በዚህ ትውልድ አየር የሚለካው በሚከፈት ክዳን ነው። ክዳኑ እስከ መጨረሻው ከተከፈተ በኋላ የሚገባውን ትርፍ አየር ኮምፒዩተሩ አያውቀውም፤ ኢንጀክተሮቹም አቅማቸው ሊያልቅ ተቃርቧል። ነዳጁ ያንሳል፣ ሞተሩ ያንኳኳል፣ ከዚያ ፒስቶን ይሰበራል፤ ጓርኒሲዮን ብቻ ከሄደ ዕድለኛ ነህ። መጀመሪያ ሰፊ የኦክስጅን ሴንሰር አስገጥምና ሙሉ ግፊት ላይ የአየርና ነዳጅ ምጣኔውን ተመልከት። 11.5 አካባቢ (ለአንድ እጅ ነዳጅ 11.5 እጅ አየር) ከሆነ እንነጋገራለን። 12.5ን አልፎ ከወጣ እግርህን አንሳ።

ጥያቄ፦ እኔ ምንም አልቀየርኩም፤ መኪናው እንደ ፋብሪካው ነው። ሆኖም ይቆርጣል።

መልስ፦ እህቴ፣ ወደ ዌስትጌቱ የምትሄደውን ቀጭን የጎማ ቱቦ ፈትሺ። በሙቀት ደርቃ ተሰንጥቃ ወይም ከጫፏ ወልቃ ከሆነ ዌስትጌቱ አይከፈትም፤ ግፊቱ ያለ ገደብ ይወጣል። ጫፏ ላይ ያለውንም ማሰሪያ አብረሽ ቀይሪው።