በሒሳባችሁ ላይ የሚታየው ቁጥር ሁሉ የእናንተ አይደለም

ልጆቼ፣

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ከወጣቶች የምሰማው ስሞታ አንድ ዓይነት ነው፤ «ደመወዜ የት እንደሚገባ አላውቅም» ይሉኛል። እንዲህ የሚሉኝ አባካኞች ቢሆኑ ኖሮ ምክሩ ቀላል ነበር። አብዛኞቹ ግን ቤተሰብ የሚረዱ፣ ዕቁባቸውን ሳያዛንፉ የሚጥሉ፣ ለራሳቸው ጫማ ለመግዛት ሁለት ወር የሚያስቡ ልጆች ናቸው። የሥራ ዘመኔን በባንክ የሒሳብ ክፍል ስላሳለፍኩ አንድ የተደበቀ ዘዴ የማውቅ ይመስላቸዋል። የተደበቀ ነገር የለም። ስልካቸውን ከፍተው የሚያዩትን ቀሪ ሒሳብ እንዳለ የራሳቸው ገንዘብ አድርገው ይወስዱታል፤ ጣጣው የሚጀምረው ከዚያ ነው።

ግብሩና 7 በመቶው የጡረታ መዋጮ ተቀንሶ 15,000 ብር እጁ የሚገባ አንድ የአዲስ አበባ ወጣት ሠራተኛ እናስብ። ደመወዝ በገባበት ቀን ስልኩ 15,000 ብር ያሳየዋል። ከዚህ ውስጥ 5,000 ብሩ የአከራዩ ነው፤ 2,500 ብሩ የዕቁቡ፤ 1,500 ብሩ ለእናቱ የሚላክ። በእሱ ስም ይቀመጥ እንጂ 9,000 ብሩ ሌላ ባለቤት አለው። የእሱ 6,000 ብር ነው፤ ለሠላሳ ቀን ሲካፈል በቀን 200 ብር ይደርሰዋል። ምሳውም፣ ታክሲውም፣ የስልክ ሒሳቡም፣ ቅዳሜ ከጓደኞቹ ጋር የሚጠጣው ማኪያቶም ከዚህችው 200 ብር ላይ ነው። 15,000 ብር ያለው ሰውና በቀን 200 ብር ያለው ሰው አንድ ሆቴል ገብተው አንድ ዓይነት ምግብ አያዙም። ልጃችን ግን በወሩ የመጀመሪያ ሳምንት የመጀመሪያውን ሰው፣ በመጨረሻው ሳምንት ከሁለተኛውም ያነሰውን ሆኖ ይኖራል።

ስለዚህ ደመወዝ በገባ ዕለት፣ ሌላ ምንም ከማድረጋችሁ በፊት፣ የሌሎችን ድርሻ በወረቀት ላይ ቀንሱ። በዚያው ዕለት ሊከፈል የሚችለውን ክፈሉ። የሚቆየውን ከቻላችሁ ወደ ሌላ ሒሳብ አዛውሩት፤ ካልቻላችሁ ቀሪውን በተመለከታችሁ ቁጥር በአእምሯችሁ ሳይሆን በደብተራችሁ ላይ ተቀንሶ እንዲታያችሁ አድርጉ። አእምሮ ለራሱ ያደላል።

ለጳጉሜንም ድርሻ ያዙላት። ደመወዛችን በአሥራ ሁለት ወር ይከፈላል፤ ሆዳችን ግን በአሥራ ሦስተኛዋም ይበላል። በቀን 200 ብር የሚኖር ሰው ለአምስቱ ቀናት 1,000 ብር ያስፈልገዋል፤ ይህም ማለት በየወሩ 84 ብር ገደማ አስቀድሞ መያዝ ማለት ነው። በ2019 ዓ.ም. ማብቂያ ጳጉሜን ስድስት ቀን ስለምትሆን አንድ ቀን ጨምሩ። ሰው ሁሉ በየዓመቱ በዘመን መለወጫ በግና በትምህርት ቤት ምዝገባ መካከል ተወጥሮ ሲበደር አያለሁ፤ ድንገት እንደመጣችበት ይናገራል። ጳጉሜን ድንገት መጥታ አታውቅም።

አሁን ወደ ደብተሩ ልምጣ። በስልክ ላይ የሚሠሩ መመዝገቢያዎች እንዳሉ አውቃለሁ፤ ከተመቻችሁ ተጠቀሙባቸው። እኔ የማምነው አሥር ጊዜ የተሠረዘና የተደለዘ ደብተር ነው፤ ስሕተቱም ማረሚያውም ይታያልና። አምስት ዓምድ ይበቃዋል፤ ቀን፣ ምክንያት፣ ገቢ፣ ወጪ፣ ቀሪ። ወጪውን በዋለበት ቀን ጻፉት። ቅዳሜ ቁጭ ብዬ የሳምንቱን እጽፋለሁ የሚል ሰው የሚጽፈው የሚያስታውሰውን ብቻ ነው። ከኤቲኤም ያወጣችሁትን ደግሞ ወጪ ብላችሁ አትመዝግቡት። ገንዘቡ ከባንክ ወደ ኪስ ተዛወረ እንጂ ገና አልወጣም፤ ወጪ የሚሆነው ከኪስ ሲወጣ ነው። ብዙ ጀማሪ 1,000 ብር አወጣሁ ብሎ ይጽፍና አንዱ ሺህ ብር በምን እንዳለቀ ለዘላለም ሳያውቅ ይቀራል።

ወሩ ሲያልቅ የእናንተን ደብተር ከባንኩ መዝገብ ጋር አስታርቁ። መሥሪያ ቤቶች ይህን ሳያደርጉ ወር አይዘጉም፤ ግለሰብ ግን የሚያደርገው ጥቂት ነው። የእህቴ ልጅ በቅርቡ ደብተሩን ይዞ መጣ። በእሱ ደብተር 2,415 ብር ይቀረዋል፤ ባንኩ ደግሞ 2,128 ብር ነው ይላል። ልዩነቱ 287 ብር። «ባንኩ በላኝ» ብሎ ሊጣላ ተነሥቷል። ቁጭ አልንና በመጀመሪያ የአገልግሎት ክፍያዎቹን ለቀምን። ገንዘብ ባስተላለፈ ቁጥር ጥቂት ብር፣ በክፍያው ላይም 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ተቀንሶበታል፤ ተደምሮ 17 ብር። በደብተሩ አንዱም አልተጻፈም። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል እንደሚባለው ነው፤ ሦስት ብር አራት ብር ማንንም አያስደነግጥም።

270 ብር ቀረን። በእኛ ሙያ ልዩነት ሲገኝ በመጀመሪያ ለሁለት ይካፈላል። ገቢው በወጪ፣ ወጪው በገቢ ቦታ ተጽፎ ከሆነ ልዩነቱ የዚያ ቁጥር እጥፍ ስለሚሆን ማለት ነው። ግማሹን፣ 135ን፣ ፈለግን፤ የለም። ቀጥሎ ለዘጠኝ ይካፈላል። ሁለት አሐዝ ቦታ ተለዋውጦ ሲጻፍ የሚፈጠረው ልዩነት ሁልጊዜ ያለ ቀሪ ለዘጠኝ ይካፈላልና፤ ለምን እንደሆነ የሒሳብ መምህሮቻችሁን ጠይቁ። 270 ለዘጠኝ ሲካፈል 30 ነው። እንግዲህ የተገለበጠ ቁጥር መፈለግ ነው። ብዙም አልደከምን። ለመድኃኒት ቤት የከፈለው 630 ብር በደብተሩ 360 ተብሎ ተጽፏል። 287ቱም ብር ተገኘ፤ ባንኩም ነጻ ወጣ። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባል የለ።

ስታስታርቁ አንድ ነገር ያስቸግራችኋል፤ የቀን አቆጣጠሩ። ባንክ የሚልከው መልእክት ቀኑንም ሰዓቱንም በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የሚጽፈው። እናንተ ጥቅምት 5 ከቀኑ 8 ሰዓት ብላችሁ የመዘገባችሁት እነሱ ዘንድ 15/10፣ 14፡00 ነው። በደብተሩ ጠርዝ ላይ ሁለቱንም ቀን ጻፉ። የዝውውሩን መለያ ቁጥርም መጻፍ አትርሱ። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ደንበኛ ከሆናችሁ በ«ኤፍቲ» የሚጀምረው ማለት ነው፤ አቤቱታ ስታቀርቡ ሠራተኛው ከስማችሁ ቀጥሎ የሚፈልገው እሱን ነው።

ስለ ዕቁብ ጥቂት ልበል፤ የተሳሳተ ስሌት የማይበት ቦታ ነውና። አሥራ ሁለት ሆናችሁ በወር 2,500 ብር ትጥላላችሁ እንበል፤ ዕጣው 30,000 ብር ነው። በሦስተኛው ወር ዕጣ የወጣላት ልጅ 30,000 ብሩ ሒሳቧ ውስጥ ሲገባ ባለ ሀብት የሆነች ይመስላታል። እስከዚያ የጣለችው 7,500 ብር ብቻ ነው። ቀሪው 22,500 ብር ጓደኞቿ ያለ ወለድ ያበደሯት ነው፤ ለዚያም ነው ዳኛው ዋስ ጥሪ የሚላት። በመጨረሻው ወር የሚደርሰው ሰው ግን ዓመቱን ሙሉ የቆጠበውን የራሱን ገንዘብ ነው የሚወስደው። ሁለቱም 30,000 ብር ወሰዱ፤ አንዷ ተበዳሪ፣ አንዱ ቆጣቢ ናቸው። በደብተራችሁ ላይ ዕጣ ሲደርሳችሁ ምን ያህሉ ዕዳ እንደሆነ ለይታችሁ ካልጻፋችሁ ገንዘቡ ለሠርግ ወጪ ወይም ለአዲስ ስልክ ይውልና ዘጠኙን ወር እያዘናችሁ ትጥላላችሁ። እኔ ዕቁብን እወደዋለሁ፤ ከብዙ የባንክ ቁጠባ ይልቅ ሰውን ሥርዓት ያስይዛል። ሲሰላ ግን በትክክል ይሰላ።

በስልክ የሚገኘው ብድርም እንዲሁ ነው። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ፤ በ2014 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ደግሞ ከዳሸን ባንክ ጋር በመሆን «መላ» እና «እንደኪሴ» የተባሉ የብድር አገልግሎቶችን አመጣ። ቸግሮት ለሚያውቅ ሰው ጥሩ ነገር ነው፤ ሌሊት የታመመ ልጅ ወደ ክሊኒክ ለማድረስ የማንንም በር ማንኳኳት አያስፈልግም። ስሙ ግን ያሰጋኛል። እንደ ኪሴ ነው እንጂ ኪሴ አይደለም። በሦስት ወር ውስጥ በየወሩ መጨረሻ እሱን የምትጠቀሙ ከሆነ በቀን 200 ብር የምትኖሩት ኑሮ በእርግጥ 230 ብር የሚፈጅ ሆኗል ማለት ነው፤ ወይ ገቢውን ወይ ወጪውን እንጂ ብድሩን አትጨምሩ።

በእኛ ጊዜ ባንክ ውስጥ ሲመሽ የገንዘብ ሣጥኑ ከመዝገቡ ጋር ሳይገጥም ወደ ቤት መሄድ አልነበረም። ብር ጎድሎ ሲገኝ ብቻ አይደለም፤ በልጦም ሲገኝ እናመሻለን። አዲስ ገቢ ሠራተኞች ይገርማቸው ነበር፤ በልጦ ሳለ ምን ያስጨንቃል? የበለጠው ብር ግን የአንድ ደንበኛ የጎደለ ብር ነው፤ ነገ ጠዋት ባለቤቱ ይመጣል። በመጋቢት 2016 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሥርዓት ላይ ችግር ደርሶ ደንበኞች ከሒሳባቸው በላይ ማውጣትና ማስተላለፍ የቻሉበትን ሌሊት ታስታውሳላችሁ። በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪዎች እኩለ ሌሊት ላይ ኤቲኤም ፊት ተሰለፉ። ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ ወጣ ተባለ። እያንዳንዱ ብር ግን በማን ሒሳብ፣ በስንት ሰዓት፣ ወደ ማን እንደሄደ ተመዝግቦ ነበር። ባንኩ የመለሱትን እንደማይከስ አስታወቀ፤ ያልመለሱትን ስምና ፎቶግራፍ አወጣ። ደብተር የሚይዝ ልጅ በዚያ ሌሊት ሒሳቡ ውስጥ ያልጻፈው ቁጥር ቢያይ የራሱ እንዳልሆነ ለማወቅ ማንንም መጠየቅ አያስፈልገውም ነበር።

በስሕተት የሰው ገንዘብ ከመጣባችሁም ነገሩ ያው ነው፤ ያለ አግባብ መበልጸግ በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ የሚያስጠይቅ ነው። የእናንተ ገንዘብ በስሕተት ወደ ሌላ ሰው ከሄደ በዚያው ሰዓት ወደ ባንኩ ደውሉ፣ በማግስቱም የመለያ ቁጥሩን ይዛችሁ ሂዱ። ባንኩ የሌላውን ሰው ሒሳብ እንደፈለገ ቀንሶ አይመልስላችሁም፤ ሲዘገይ ደግሞ ተቀባዩ ያወጣዋል። ከመላካችሁ በፊት በማሳያው ላይ የሚመጣውን የተቀባይ ስም ማንበብ ይሻላል። ስለ አጭበርባሪዎች ብዙ ስለተባለ አልደግመውም፤ የሚስጥር ቁጥር በስልክ የሚጠይቅ የባንክ ሠራተኛ የለም። ሱቅ ያላችሁ ደግሞ ገዢው የሚያሳያችሁን የስልክ ምስል ሳይሆን የራሳችሁን ሒሳብ አይታችሁ ዕቃ ስጡ።

ባሕር ማዶ ላላችሁ እህቶች፣ በተለይ በዓረብ አገሮች በሰው ቤት ለምትሠሩ፣ አንድ ነገር ልጨምር። የምትልኩትን ሁሉ በወንድም ወይም በአጎት ሒሳብ አታስገቡ። ለቤተሰብ የሚሰጠው በቤተሰብ ስም ይሂድ፤ ለቤት መሥሪያ ወይም ለመመለሻ የምትቆጥቡት በራሳችሁ ስም በተከፈተ ሒሳብ ይግባ። በሕግ ፊት ገንዘቡ ሒሳቡ በስሙ የተከፈተለት ሰው ንብረት ሆኖ ይቆጠራል፤ ለቁጠባ እንጂ ለስጦታ እንዳልላካችሁት ማስረዳቱ የእናንተ ሸክም ይሆናል። ውክልና ከሰጣችሁም ተወካዩ ምን ማድረግ እንደሚችልና እንደማይችል በሰነዱ ላይ በዝርዝር ይጻፍ። ይህን ማለት ወንድምን መጠርጠር አይደለም። ወንድማችሁም ነገ አግብቶ፣ ታሞ፣ ወይም ሞቶ ገንዘቡ ከእሱ ንብረት ጋር ሊቀላቀል ይችላል።

በመጨረሻ የሒሳቦቻችሁን ዝርዝር በአንድ ገጽ ላይ አስፍሩ። የዛሬ ደመወዝ የሚገባበት፣ ከቀድሞ መሥሪያ ቤት የቀረ፣ ቴሌብር፣ በ2005 ዓ.ም. ተመዝግባችሁ ከሆነ ለጋራ መኖሪያ ቤት የቆጠባችሁበት፣ የብድርና ቁጠባ ማኅበር። አንዳንዱን ረስታችሁት ኖሯል፤ ለረጅም ጊዜ ሳይንቀሳቀስ የቆየ ሒሳብ ደግሞ ለመክፈት ቅርንጫፍ ድረስ ያስኬዳል። የማያስፈልገውን ዝጉ። የቀረውን ዝርዝር ለአንድ ለምታምኑት ሰው፣ ለእናት ወይም ለትዳር ጓደኛ፣ ቦታውን አሳውቁ። የሟች ቤተሰብ ከፍርድ ቤት የወራሽነት ማስረጃ ይዞ መጥቶ እንኳ በየትኛው ባንክ ምን እንዳለ ባለማወቁ ከባንክ ባንክ ሲንከራተት አይቻለሁ። ገጹ ላይ የባንኩን ስም፣ ቅርንጫፉንና የሒሳብ ቁጥሩን ጻፉ። የሚስጥር ቁጥሩን ግን እንዳትጽፉበት።