ሜሲን ይዘህ ልትከራከር ከሆነ ባሎን ዶሩን እቤት ትተህ ሂድ

ወንድም ዓለም፣ ጥያቄህን አነበብኩት። ቀበሌ 14 ዲኤስቲቪ ቤት እሁድ ከጨዋታው በፊት «የምንጊዜም ታላቁ ተጫዋች ማነው?» የሚል ክርክር አለ፤ ለአንተ ሜሲ ደርሶሃል፤ ሌሎቹ ፔሌን፣ ማራዶናንና ሮናልዶን ይዘው ይመጣሉ፤ «በምን ልርታቸው?» ነው ያልከው። ከኋላ ወንበር የሚቀመጡትን አባቶች እንዳትንቃቸው፤ አፍህን ሳትዘጋ የሚይዙህ እነሱ ናቸው። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፍልህ።

1. «ሜሲ 8 ባሎን ዶር አለው፣ ፔሌና ማራዶና አንድም የላቸውም» ብለህ እንዳትጀምር። ብዙ የሜሲ ደጋፊ የሚወድቀው እዚህች ላይ ነው። ይህ የዓመቱ ምርጥ ተጫዋች ሽልማት ከ1956 እስከ 1994 የአውሮፓ ዜግነት ለሌለው ተጫዋች አይሰጥም ነበር። የሪያል ማድሪዱ ዲ ስቴፋኖ አርጀንቲና ተወልዶ ሁለቴ የወሰደው የስፔን ዜግነት ስለነበረው ነው። ፔሌ በ17 ዓመቱ የዓለም ዋንጫ ሲያነሳም፣ ማራዶና ናፖሊን ሻምፒዮን ሲያደርግም ለውድድሩ አይታሰቡም ነበር። በ1995 በአውሮፓ ክለብ ለሚጫወት ሁሉ ተከፈተና በዚያው ዓመት ላይቤሪያዊው ጆርጅ ዊሃ ወሰደው፤ ለመላው ዓለም የተከፈተው በ2007 ነው። ሸላሚው መጽሔት ፍራንስ ፉትቦል ራሱ በ2016 ወደ ኋላ ሄዶ ሲያሰላ ለፔሌ 7፣ ለማራዶና 2 ይገባቸው ነበር ብሏል። ይህን የሚያውቅ አንድ ሰው ከተነሳብህ ቤቱ ይስቅብሃል፤ ከዚያ ወዲያ የምትለውን የሚሰማህ የለም። ባሎን ዶርን የምታወጣው ለሮናልዶው ሰው ብቻ ነው፤ 8 ለ5፣ በአንድ ዘመን፣ በአንድ ደንብ።

2. የፔሌ ሰው «ከ1,280 ጎል በላይ» ሲል አትጩህበት። የወዳጅነት ጨዋታ ተደምሮ ነው በለው፤ ይፋዊ ውድድር ብቻ ሲቆጠር 757 ገደማ ነው። ግን እዚያው ላይ አቁም። ክለቡ ሳንቶስ ዓለምን እየዞረ ከአውሮፓ ታላላቅ ክለቦች ጋር ይጫወት ስለነበር የወዳጅነቱ ጨዋታ ሁሉ ቀልድ አልነበረም። ለብራዚል በ92 ጨዋታ 77 ያገባ ሰው ነው። የፔሌን ሦስት የዓለም ዋንጫዎች አንድ በአንድ ጠይቀው፦ በ1958 በፍጻሜው 2 አግብቷል፤ በ1962 በሁለተኛው ጨዋታ ተጎድቶ ወጣ፤ ያንን ዋንጫ የቡድን ጓደኛው ጋሪንቻ ነው የተሸከመው፤ በ1970 ፍጻሜ የመጀመሪያውን በቴስታ አግብቶ ለካርሎስ አልቤርቶ የመጨረሻዋን አቀበለ።

3. ጎልን ከጎል ጋር ስታነጻጽር ዘመኑን አስላ። ማራዶና በ1987/88 የሴሪ አ ኮከብ ግብ አግቢ የሆነው በ15 ጎል ነው። ዛሬ 15 ጎል ማንም አይገርመውም። ሊጉ 16 ክለብ፣ 30 ጨዋታ ነበር፤ በረኛው ከጓደኛው እግር የተመለሰለትን ኳስ በእጁ እየያዘ ሰዓት ይገድል ነበር፤ ይህ የተከለከለው በ1992 ነው። ከኋላ መጥቶ ቁርጭምጭሚት የሚመታ ተከላካይ ደግሞ ብዙ ጊዜ በቢጫ ያልፍ ነበር። በ1982 የጣሊያኑ ጀንቲሌ ማራዶናን በአንድ ጨዋታ 23 ጊዜ ፋውል ሠርቶበት እስከ መጨረሻው ተጫውቷል። ስሌቱ እንዲህ ነው፦ ሪጎሬዎቹን ቀንስ፣ የቀረውን ጎል ለተጫወተው ደቂቃ አካፍል፣ በ90 አባዛ፣ ከዚያ በዚያው ዓመት በዚያው ሊግ ሁለተኛ ከወጣው አግቢ ጋር አስተያይ። ሜሲን ከማራዶና ጋር በቀጥታ አታስተያይ፤ እያንዳንዳቸው ከዘመናቸው ሰው ምን ያህል እንደራቁ ነው የምታየው።

4. ሙሉ ጨዋታ እይ። በዘፈን የታጀበ የ3 ደቂቃ ቪዲዮ አይቶ ፔሌን የሚንቅ ልጅ በዝቷል፤ እዚያ ቪዲዮ ላይ ኳስ የተነጠቀ ተጫዋች የለም። የ1970ን ፍጻሜ፣ የ1986ን የአርጀንቲናና የእንግሊዝ ጨዋታ፣ የ2011ን የባርሳና የማንቼስተር ዩናይትድ ፍጻሜ፣ የ2017ን የሪያልና የጁቬ ፍጻሜ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እይ። ወረቀት ያዝና ሦስት ነገር ጻፍ፦ ኳስ ሳይደርሰው ስንት ጊዜ ዞር ብሎ አየ፣ የመጀመሪያ ንክኪው ወደ ፊት ነው ወይስ ወደ ኋላ፣ ስንት ጊዜ ተነጠቀ። ዓይንህ ካልለመደ የጣና ሞገዶቹ (ባሕር ዳር ከተማ) ሲጫወቱ ስታዲየም ገብተህ አንድ አማካይ ምረጥና ኳሱን ትተህ 15 ደቂቃ እሱን ብቻ ተከተል። መጀመሪያ ይሰለቻል፤ ቆይቶ ግን ጥሩው ተጫዋች ኳስ ሳይነካ የሚሠራውን ታያለህ።

ማራዶና በ1986 እንግሊዝ ላይ ያገባውን ሁለተኛ ጎል እንኳ በዚህ ዓይን ብታየው ሌላ ነው። ሁሉም የሚያወራው ስላለፋቸው ሰዎች ነው። ማራዶና ከቡድን ጓደኛው ከኤንሪኬ ኳሷን ሲቀበል በራሱ ሜዳ፣ ጀርባውን ለእንግሊዝ ጎል ሰጥቶ፣ ቤርድስሊና ሪድ ተጠግተውት ነው። አብዶው ያለቀው እዚያ ነው፤ ኳሷን እየጎተተ ሲዞር ሁለቱ ቀሩ። ከዚያ ቡቸር፣ ፌንዊክ፣ በረኛው ሺልተን። 11 ንክኪ፣ ሁሉም በግራ እግር። ያውም ከባሕር ጠለል 2,200 ሜትር በላይ በሆነው፣ ሣሩ ባልተደላደለው አዝቴካ ላይ። የእኛ ከተማ 1,800 ነው፤ እዚህ በቀትር የሮጠ ይገባዋል።

የማራዶና ሰው በእርግጠኝነት ይህን ይወረውርብሃል፦ በ1986 ማራዶና 5 ጎል ያለ አንድ ሪጎሬ አገባ፣ ሜሲ በ2022 ካገባቸው 7 ውስጥ 4ቱ ሪጎሬ ናቸው። እውነት ነው፣ አትካድ። መልስህ ያቀበላቸው ኳሶች ናቸው። ከኔዘርላንድ ጋር ለሞሊና የሰጠውን፣ ዓይኑ ወደ ሌላ እያየ በተከላካዮች መሃል ያሳለፈውን፣ አሳያቸው። ከክሮኤሺያ ጋር ደግሞ በ35 ዓመቱ የ20 ዓመቱን ግቫርዲዮልን ከቀኝ መስመር ጀምሮ ጎትቶት፣ ቆም ብሎ፣ ጀርባ ሰጥቶት፣ ዞሮ ገብቶ ለአልቫሬዝ አቀበለ። በሩጫ አልበለጠውም፤ ልጁ ሲቆም ነው የሚሄደው፣ ሲሄድ ነው የሚቆመው። ሜሲ አግቢም አቀባይም ሆኖ በስፔኑ ላ ሊጋ በ520 ጨዋታ 474 ጎል አለው፤ ክርክርህን እዚህ ላይ ትከል።

የሮናልዶው ሰው ቀላል አይምሰልህ። «ሮናልዶ እስከ ካታር ድረስ በዓለም ዋንጫ ጥሎ ማለፍ አንድም ጎል የለውም» ስትለው 2017ን ያወጣብሃል፤ በቻምፒየንስ ሊግ ከሩብ ፍጻሜ ጀምሮ ባየርን ላይ 5፣ አትሌቲኮ ላይ 3፣ ጁቬ ላይ 2። በቴስታና በቀኝም በግራም በመምታት ሜሲ አይደርስበትም፤ ይህን ራስህ ቀድመህ ብታምን ከእጁ መሣሪያ ትነጥቀዋለህ።

አንዱ አባት ስለ መንግሥቱ ወርቁ መጠየቁ አይቀርም። በ1962 ግብጽን 4 ለ2 ረትተን የአፍሪካን ዋንጫ ስንወስድ የነበረ ሰው ነው፤ በክብር መልስ፣ ከሜሲ ጋር ግን አታወዳድር፤ ከ1 እስከ 4 የነገርኩህን የምትሠራበት ሙሉ ጨዋታ ተቀርጾ እጅህ ላይ የለም።

ቪዲዮዎቹን ቅዳሜ ማታ ስልክህ ላይ አውርደህ ያዝ። ክርክሩ ሲጋጋል ኔትወርክ ይጠፋል፣ መብራትም እንዲሁ። የሞሊናዋን ፓስ ካላሳየሃቸው በቃልህ ማንም አያምንህም።