ባለጸጎቹ ዳገቱን ለምን መረጡ? ስለ ደሴ የላይኛው ሰፈር

ጥያቄ፦ የምንኖረው ደሴ ውስጥ፣ ከአይጠየፍ አዳራሽ ወረድ ብሎ ባለው ዳገት ላይ በሚገኝ የቀበሌ ቤት ነው። ቤቱ ቀድሞ የአንድ ባላባት ግቢ እንደነበረ ይነገራል። ጣሪያው ከፍ ያለ፣ በረንዳውም ከተማውን ቁልቁል የሚያይ ሲሆን ዛሬ አራት አባወራ ተከፋፍሎት ይኖርበታል። የዚያን ጊዜ ባለጸጎች ሜዳውን ትተው ዳገቱን ለምን መረጡ? ኋላስ ወዴት ሄዱ? ወንድሜ ደግሞ ከጦሳ ተራራ ግርጌ ተዳፋት ላይ ቤት ሊሠራ አስቧል፤ ገንዘብ ያለው ሰው ሁሉ እንደገና ወደ ከፍታው እየወጣ ነውና ምን ይመክሩናል? (አንባቢ፣ ከደሴ)

መልስ፦ የተከበሩ ጠያቂያችን፣ የደሴን ዳገት የባለጸጋ ሰፈር ያደረገው ሥልጣን እዚያ መቀመጡ ነው፤ ሀብቱ የመጣው ሥልጣኑን ተከትሎ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የሀገራችን ከተሞች አመሠራረት ከጦር ሰፈር አሠራር የተወሰደ ነበር። ገዢው ድንኳኑን ዙሪያውን ለማየትና ለመከላከል በሚመች ከፍታ ላይ ያስተክላል፤ መኳንንቱ፣ የጦር አለቆቹና የግቢው ባለሙያዎች እንደየማዕረጋቸው በአካባቢው ይሰፍራሉ፤ ገበያው ደግሞ መንገድና ውሃ ወዳለበት ዝቅታ ይወርዳል። ድንኳኑ በቤት ሲተካም አቀማመጡ እንዳለ ይቀጥላል።

በሚተረከው ታሪክ መሠረት ደሴ ስሟን ያገኘችው አፄ ዮሐንስ 4ኛ በ1875 ዓ.ም. መግቢያ ላይ እዚህ ሰፍረው ሳለ በሰማይ ላይ ባለ ጭራ ኮከብ አይተው ቦታውን «ደሴ» (ደስታዬ) ካሉት በኋላ ነው። ከተማዋን ከተማ ያደረጓት ግን ራስ ሚካኤል፣ ኋላ ንጉሥ ሚካኤል፣ ናቸው። መቀመጫቸውን ከተንታ ወደ ደሴ ካዞሩ በኋላ ቤተ መንግሥታቸውን በከፍታው ላይ አሠሩ፤ የመድኃኔዓለምን ቤተ ክርስቲያንም አሳነጹ። ታላቁ የግብር (የግብዣ) አዳራሽ አይጠየፍ የእሳቸው ዘመን ሥራ ነው። በግንቦት 1906 ዓ.ም. እዚሁ ደሴ ላይ የወሎና የትግራይ ንጉሥ ተብለው ሲነግሡ፣ ዳገቱ የሰሜኑ ክፍል ዋና የሥልጣን ማዕከል ሆነ። በዚያ ዘመን ለግቢው ቅርብ መሆን ማለት ለሹመት፣ ለዳኝነትና ለርስት ቅርብ መሆን ነበርና፣ ቤታቸውን ከአዳራሹ አጠገብ የሠሩት ሰዎች የመረጡት ይህንን ቅርበት ነው ብዬ አምናለሁ።

የዳገቱ ክብር ግን በሥልጣን የመጣ በመሆኑ ሥልጣኑ ሲናጋ አብሮ ተናግቷል። ጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ንጉሥ ሚካኤል ሰገሌ ላይ ድል ተነሥተው ሲማረኩ፣ በዙሪያቸው የሰፈሩት ቤተሰቦች ትልቁን መከታቸውን አጡ። ከዚያም በኋላ የወሎ ገዢነት በአልጋ ወራሽ አስፋ ወሰን እጅ ስለቆየ ደሴ የመሳፍንት ከተማነቷን አልተወችም፤ ይሁን እንጂ ገንዘብ ቀስ በቀስ ወደ ታች መውረድ ጀምሮ ነበር።

ይህን ያፋጠነው ጦርነቱና መንገዱ ነው። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ደሴ ላይ ሳሉ የጣሊያን አውሮፕላኖች ከተማዋን ደበደቡ፤ የቀይ መስቀል ምልክት የነበረበት ሆስፒታል ሳይቀር ተመታ። ሚያዝያ 7 ቀን ጠላት ከተማዋን ያዘ፤ እስከ ሚያዝያ 18 ቀን 1933 ዓ.ም. ድረስም ቆየባት። በእነዚያ ዓመታት ከአዲስ አበባ ወደ አስመራ የሚወስደው የመኪና መንገድ ደሴን አቋርጦ ሲያልፍ፣ ዛሬ ፒያሳ የምንለው አካባቢ የንግዱ ልብ ሆነ። ከዚያ በኋላ ሀብታም የሚባለው የቆዳና የእህል ነጋዴው፣ የጨርቃ ጨርቅ አከፋፋዩ፣ ከየመን መጥቶ ሱቅ የከፈተው ሰው ሆነ። እነዚህ ሰዎች ከመንገዱ፣ ከመጋዘኑና ከመስጊዱ መራቅ አልፈለጉም፤ ብዙዎቹም ከሱቃቸው ጀርባ ወይም ከሱቃቸው በላይ ኖሩ። ባላባቱ ከላይ፣ ነጋዴው ከታች፣ ሁለት ዓይነት ባለጸጋ በአንድ ከተማ ይኖር ነበር ማለት ነው።

የእናንተን ቤት ለአራት አባወራ ያደረሰው ደግሞ አዋጅ ቁጥር 47/1967 ነው። አዋጁ የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ፤ ለአንድ ቤተሰብ አንድ መኖሪያ ቤትና ከ500 ካሬ ሜትር የማይበልጥ ቦታ ብቻ ፈቀደ። ወርኃዊ ኪራያቸው እስከ 100 ብር የሆነ ቤቶች ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆኑት ለመንግሥት የኪራይ ቤቶች ድርጅት ተሰጡ። እንዲህ ያሉትን ግቢዎች የጎበኘ ሰው የሚያየው ብዙውን ጊዜ ተመሳሳይ ነው። ከፍ ባለ የድንጋይ መሠረት ላይ የቆመው እልፍኝ በቺፑድ ተከፋፍሏል፤ የጣውላው ወለል አንዱ ክፍል ውስጥ ሲታይ ሌላው ውስጥ በሲሚንቶ ተሸፍኗል፤ የበረንዳው ግማሽ በቆርቆሮ ተዘግቶ ማድ ቤት ሆኗል። ቤቱን የጎዳው የነዋሪው ብዛት ብቻ ነው የሚሉ ሰዎች አሉ፤ እኔ አልስማማም። የጎዳው፣ ጣሪያው ሲያፈስ የመጠገን ግዴታ ያለበት ባለቤት በግልጽ ሳይታወቅ ዓመታት መቆጠራቸው ነው። ያልተከፋፈለ የመኳንንት ቤት ምን ይመስል እንደነበር ለማየት ከፈለጉ፣ የደሴ ሙዚየም ያለው በደጃዝማች ዮሴፍ ብሩ መኖሪያ ቤት ውስጥ ነው። ሙዚየሙ በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ከተማዋ በተያዘችባቸው ሳምንታት መዘረፉ ዛሬም የሚያስቆጭ ጉዳይ ነው። የእናንተም ቤት ታሪካዊነቱ እንዲጣራ ለከተማው የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት በጽሑፍ ማመልከት ትችላላችሁ፤ በቅርስነት ከተመዘገበ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ያለ ፈቃድ ሊፈርስም ሊለወጥም አይችልም።

አሁን ወደ ወንድምዎ ጉዳይ ልለፍ። የዛሬው ወደ ከፍታ መውጣት ምክንያቱ ሌላ ነው፤ ደሴ በምዕራብ በጦሳ፣ በምሥራቅ በአዝዋ ገደል ተይዛ፣ በቦርከና ሸለቆ ውስጥ ከሰሜን ወደ ደቡብ የተዘረጋች ጠባብ ከተማ ስለሆነች ሜዳው አልቋል። በሊዝ ሥርዓቱ የመሀል ከተማ ቦታ በጨረታ ሲወደድ፣ በንግድም ሆነ ከዓረብ አገር በተላከ ገንዘብ ቤት የሚሠራው ሰው ዓይኑን ወደ ተዳፋቱ ያዞራል። ችግሩ የተዳፋቱ አፈር በአብዛኛው ከላይ ተንከባሎ የተከማቸ ልቅ አፈርና ድንጋይ ሆኖ በበሰበሰ ጥቁር ድንጋይ ላይ የተኛ መሆኑ ነው። ክረምት ላይ ውሃ ሲጠግብ ይከብዳል፤ ከሥሩ ያለው ንጣፍም ያሟልጨዋል። ደሴ ለመሬት መንሸራተት የተጋለጠች ከተማ የሆነችው በዚህ ምክንያት ነው። የድሮው ባላባት በሰፊ ግቢ ውስጥ አንድ ቀላል ቤት ሠርቶ ቀሪውን ለዛፍና ለጓሮ ይተው ነበር፤ የዛሬው ግንበኛ ግን ዳገቱን ከሥሩ ቆርጦ ጂ ፕላስ ስሪት ያቆምበታል፣ የሽንት ቤቱንም ውሃ እዚያው ያሰርጋል።

ስለዚህ ወንድምዎ ካርታውንና የሊዝ ውሉን ከማየታቸው ጎን ለጎን መሬቱን ይመርምሩ። በአካባቢው ያሉ ቤቶች ግድግዳ በሰያፍ ተሰንጥቆ ከሆነ፣ በሮች ከመቃናቸው ጋር አልገጥም ካሉ፣ ዛፎችና የመብራት ምሰሶዎች ወደ ቁልቁለቱ ካዘነበሉ፣ በበጋም የሚረጥብ ቦታ ካለ፣ ያ ቦታ ዋጋው ምንም ያህል ቢረክስ ይቅርባቸው። እነዚህ ምልክቶች ባይኖሩም ንድፍ ከመሠራቱ በፊት የአፈር ምርመራ ያስፈልጋል። የድጋፍ ግንቡ የውሃ ማስወጫ ቀዳዳዎች ይኑሩት፤ የጣሪያው ውሃ በአሸንዳ ተሰብስቦ እስከ ቦዩ ድረስ ይውረድ፤ ሴፕቲክ ታንከሩም የማያሰርግ ይሁን። ከሁሉ በፊት ግን ውል ሳይፈርሙ በሐምሌ ወይም በነሐሴ፣ ከባድ ዝናብ በጣለ ማግስት ሄደው ውሃው ከየት መጥቶ በየት እንደሚወርድ በዓይናቸው ይዩ፤ በላይና በታች ያሉትን ጎረቤቶችም ያነጋግሩ።