ባለቤቴ ከበሮ ሲመታ ከቤተ ክርስቲያን ይወጣል

ጥያቄ፦ መምህር፣ የባሕር ዳር ነዋሪ ነኝ። በተክሊል ነው የተጋባነው። ባለቤቴ አይጠጣም፣ አይሳደብም። ግን ሳለቅስ ዝም ብሎ ያየኛል፤ እንግዳ ሲመጣ ጓዳ ይገባል፤ በንግሥ ቀን ከበሮው ሲመታ ጆሮውን ይዞ ይወጣል። አዲስ አበባ ያየው ሐኪም ኦቲዝም እንዳለበት ነግሮናል። ቤተሰቦቼ ግን ዛር ነው፣ አስገድደሽም ቢሆን ጠበል ውሰጂው ይሉኛል። አክስቴ ያረፈች ጊዜ እንኳ «እግዚአብሔር ያጽናሽ» አላለኝም፤ ድንኳን ውስጥ ወንበር ሲደረድር፣ ውኃ በጀሪካን ሲያመላልስ ዋለ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እኅቴ፣ ከለቅሶው ልጀምር። ለለቀስተኛው ሁሉ ውኃ ሲቀዳ የዋለ ሰው አላዘነም ማለት ይከብደኛል። አንቺ የጠበቅሽው ቃሉን ነበር፤ እሱም ያስፈልግሽ ነበር፣ አልፈርድብሽም።

ኦቲዝም አእምሮ ገና ማደግ ሲጀምር አብሮ ያለ ልዩነት ነው። አስተዳደግ አያመጣውም፣ እርግማንም አይደለም። የሰውን ስሜት ከፊቱ ማንበብ፣ ያልተነገረውን መረዳት ያስቸግራል፤ ድምፅና ንክኪም አንዳንዱን ከልክ በላይ ያስጨንቁታል። ደቀ መዛሙርቱ ዕውር ሆኖ የተወለደውን አይተው ኃጢአቱ የማን እንደሆነ ሲጠይቁ፣ ጌታ የእሱም የወላጆቹም እንዳልሆነ መለሰላቸው (ዮሐ. 9፥3)። ዛር ነው ለሚሉሽም ይኸው መልስ ይበቃል።

ጠበል በረከት ነው፤ በግድ ግን አይሆንም። ንክኪ ለሚያስጨንቀው ሰው ድንገት የሚወርድ ቀዝቃዛ ውኃ ስቃይ ነው። ራሱ ከፈቀደ ይጠመቅ፤ ካልሆነ ይጠጣ።

ከከበሮ መሸሹም ኃጢአት አይደለም። ከቅጽሩ ሳይወጣ ራቅ ብሎ ዛፍ ሥር ቆሞ ያስቀድስ፤ ስንቱ ምእመን እንደዚያው አይደል? ዐቢይ ጾም ሲገባ ደግሞ ከበሮና ጸናጽል ያርፋሉ፤ አብራችሁ ለመቆም ያ ጊዜ ይመቻችኋል። ከንግሥ ውጭ ባለ ቀን በጀልባ ዘጌ ተሻገሩና ዑራ ኪዳነ ምሕረትን ተሳለሙ። (ክብራን ገብርኤል ሴት ስለማይገባ እሱን ተዪው።) በግድግዳው ሥዕል ፊት ረጅም ሰዓት ከቆመ አትጎትቺው።

ዋናው ነገር ግን ቤታችሁ ውስጥ ነው። እኛ ጎጃሞች በቅኔ አገር አድገን ሁሉንም በሰም ለብጠን መናገር ይቀናናል። «ዛሬ ደክሞኛል» ስትይ «እራቱን አንተ አቅርብ» ማለትሽ ነው፤ እሱ ግን «ተኚ» ይልሻል፣ እውነቱንም ነው! ለባልሽ ወርቁን ራሱን ስጪው። «አዝኛለሁ፤ አጠገቤ ቁጭ በል፣ እጄን ያዘኝ» በይው። ተለምኖ የመጣ ፍቅር ፍቅር አይደለም ብለሽ እንዳታስቢ። ዕውሩ በርጤሜዎስ የሚፈልገው ለሁሉም ግልጽ ነበር፤ ጌታ ግን «ምን ላደርግልህ ትወዳለህ?» ብሎ ጠየቀው፣ እሱም በግልጽ ተናገረ (ማር. 10፥51)።

ባለቤትሽም ድርሻ አለበት። ሐዋርያው ጴጥሮስ ባሎች ከሚስቶቻቸው ጋር በማስተዋል እንዲኖሩ አዟል (1ኛ ጴጥ. 3፥7)። ማጽናናት ባይመጣለት እንኳ ምን እንደሚያጽናናሽ ጠይቆ ይልመደው። ዱላ ቢኖር ሌላ ነገር በመከርኩሽ ነበር፤ ዱላን ኦቲዝም አያመካኘውም፣ ቤተ ክርስቲያንም ቻዪው አትልሽም።

እንግዳን በተመለከተ ከንስሐ አባታችሁ ጀምሪ። ቤታችሁን ጠበል ሊረጩ ሲመጡ ቀኑንና ሰዓቱን አስቀድመው ራሳቸው ይንገሩት፤ ምናልባት ያን ቀን ጓዳ አይገባም።