ከወገብ በፊት ዳሌ፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ እትም መልስ ያገኙት ደብዳቤዎች ሁሉም የሚጠይቁት ስለ አንድ ጉዳይ ነው፤ የወንድ ተክለ ሰውነት የሴት ቁመና እንዲኖረው አድርጎ ስለማልበስ። ለመድረክ ሥራ የሚፈልገው አለ፣ ለዘወትር ኑሮው የሚፈልገውም አለ። ስፌቱና ልኩ ለሁለቱም አንድ ነው። ቁጥሮቹ በሙሉ በሴንቲ ሜትር ናቸው።

ጥያቄ፦ ደረቴ 98፣ ወገቤ 84፣ ዳሌዬ 95 ነው። ወገቤን በሰፊ ቀበቶ የቱንም ያህል ባጠብቀው ከፊት ስታይ ሳንቃ ነው የምመስለው። ከዚህ በላይ ምን ያህል ላጥብቅ?

መልስ፦ ማጥበቁን ለጊዜው ይተዉት። ዓይን ወገብን ለብቻው አይለካም፤ ከበላዩና ከበታቹ ካለው ጋር እያስተያየ ነው ቀጭን ነው ወፍራም ነው የሚለው። አሁን ወገብዎ የዳሌዎ 88 በመቶ ነው። ትንፋሽ እስኪያጥርዎ 5 ሴንቲ ሜትር ቢያጠብቁት 83 በመቶ ይደርሳል። ወገቡን ጨርሶ ሳይነኩ ዳሌውን 108 ቢያደርሱት ግን 78 በመቶ ይሆናል፣ ያውም ያለ ምንም ሥቃይ። ፈረንሳዊው የልብስ ዲዛይነር ክርስቲያን ዲዮር እ.ኤ.አ. በ1947 ባሳየው ታዋቂ ጃኬት ወገቡ እንዲያ ቀጥኖ የታየው አንዱ ምክንያት ከወገብ በታች ያለው ክፍል በውስጥ በኩል ስለተሞላ ነው። ለሴት አካል ያስፈለገ ሙሌት ለእርስዎ ቢያስፈልግ ምንም አይደንቅም።

ዳሌውን በ13 ሴንቲ ሜትር ለማስፋት በግራና በቀኝ 4 4 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው የስፖንጅ ሙሌት ይበቃል። ስፖንጁ በታይት ሲጠበቅ ስለሚታመቅ፣ 5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለውን ይግዙ። ለሶፋ መቀመጫ የሚውለው፣ ሲጫኑት ወዲያው የሚመለሰው ዓይነት ይሻላል። ለትራስ የሚሆነው ለስላሳ ስፖንጅ ታይቱ ሲጫነው ተኝቶ ይቀራል፤ በጣም ጠንካራው ደግሞ ጠርዙ በልብሱ ላይ ይቆጠራል።

ከመቁረጥዎ በፊት ቦታውን ይፈልጉ። ቀጥ ብለው ይቁሙና መዳፍዎን በጎንዎ፣ ጭን ከዳሌ የሚገጥምበት ላይ ያሳርፉ። ተረከዝዎን መሬት ላይ እንዳስቀመጡ እግርዎን ወደ ውስጥና ወደ ውጭ ያዙሩት። ከመዳፍዎ ሥር የሚንከባለል ጉብ ያለ አጥንት ይሰማዎታል። የሙሌቱ ሰፊና ወፍራም ቦታ መዋል ያለበት እዚያ አጥንት ላይ ወይም ከእሱ አንድ ሁለት ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ ነው። ብዙዎች ሙሌቱን የዳሌው አጥንት ጫፍ ላይ፣ ማለትም እጃችንን ወገባችን ላይ ስናደርግ በምናሳርፍበት ቦታ ይሰቅሉታል። ያን ጊዜ የሚሰፋው ዳሌ ሳይሆን ወገብ ይሆናል፤ ልፋቱም ተመልሶ ራስዎን ይጎዳል።

ወረቀት ላይ እንደ ረዘመ ቅጠል ያለ ቅርጽ ይሳሉ። ርዝመቱ ከ35 እስከ 40፣ በሰፊው ቦታ ወርዱ ከ20 እስከ 25 ይሁን። ላይኛው ጫፍ ከወገብ 5 ወይም 6 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ ይጀምር፣ ታችኛው ጭን አጋማሽ ላይ ይለቅ። ከኋላ በኩል ያለው ጎን ወደ መቀመጫ እንዲጠቀለል ትንሽ ሰፋ ያድርጉት፤ የወንድ መቀመጫ በአብዛኛው ጠፍጣፋ ስለሆነ፣ ጎን ብቻ ከተሞላ ከፊት ያማረው በጎን ሲታይ ገበታ ይሆናል። ወረቀቱን ገልብጠው ሁለተኛውን ይሳሉበት። ግራና ቀኝ በዓይን ግምት ከተቆረጡ አንድ ዓይነት አይወጡም።

ጥያቄ፦ ሙሌቱን ሠርቼ ለበስኩት፤ ነገር ግን በቀሚሱ ላይ ጠርዙ እንደ ደረጃ ይታያል። ሦስት ታይት ብደርብም አልጠፋም።

መልስ፦ ታይት ጠርዝን ያለሰልሳል እንጂ አያጠፋም። ጥፋቱ ያለው መቀሱ ላይ ነው። ስፖንጁ ከመሃል 5 ሴንቲ ሜትር ጀምሮ በመጨረሻዎቹ 6 ወይም 7 ሴንቲ ሜትር ውስጥ ቀስ እያለ ወደ ዜሮ መውረድ አለበት። ጠርዙን በሁለት ጣትዎ ሲይዙት እንደ ጨርቅ እስኪሳሳ ድረስ ይቀንሱት። በአንድ ጊዜ ትልቅ ቁራጭ አይቁረጡ፤ መቀሱን አጋድመው የምስር ፍሬ የሚያህል ብቻ እየቆነጠሩ ይውረዱ። ይሄ ሥራ ሰዓታት ይፈጃል፣ የሚያስቸኩልም ነገር የለውም።

ሲጨርሱ ገልብጡና ሰውነት የሚነካውን ጎን መሃሉን በትንሹ ጎድጎድ ያድርጉት። ሰውነት ክብ ነው፤ ጀርባው ቀጥ ያለ ስፖንጅ ክብ ላይ ሲቀመጥ ጠርዙ ይነሳል። አብዛኛው ደረጃ የሚመጣው ከዚህ ነው፣ ሰዎች ግን ውጭውን ብቻ ሲከረክሙ ይውላሉ።

የአለባበሱ ቅደም ተከተል ደግሞ እንዲህ ነው፦ ከሥር ስስ ታይት፣ በላዩ ሙሌቱ፣ ከዚያ ዳንሰኞች የሚለብሱት ዓይነት ወፍራም ታይት፣ በመጨረሻ ሌላ አንድ። የመጀመሪያው ስስ ታይት ላብ ይመጥጣል፣ ስፖንጁ ቆዳን እንዳይፈትግም ይከላከላል። ክፍሉን አጨልመው አንድ መብራት ብቻ በጎን ያብሩና መስታወት ፊት ይቁሙ። ፊት ለፊት በሚመጣ ብርሃን የተደበቀ ጠርዝ ሁሉ በጎን ብርሃን ጥላ ጥሎ ይታያል። ቁጭ ብለውም ይሞክሩት፤ ታችኛው ጫፍ ጉልበት ሲታጠፍ ከተነሳ ርዝመቱ በዝቷል ወይም ጫፉ አልሳሳም ማለት ነው። ሰፊው ቦታ ከአጥንቱ በጣም ወርዶ ከሆነ ደግሞ ቁመናው የፈረሰኛ ሱሪ የለበሰ ሰው ያስመስላል።

ሲያጥቡት ለብ ባለ ውኃና በሳሙና ጭምቅ ጭምቅ ያድርጉት። መጠምዘዝ የሳሳውን ጠርዝ ይቀደዋል።

ጥያቄ፦ ኮርሴት፣ ማለትም ከኋላ በክር እየተሳበ ወገብን የሚያጠብቅ የውስጥ ልብስ፣ መልበስ ጀምሬያለሁ። ከሁለት ሰዓት በኋላ የጭኔ ውጫዊ ጎን ይደነዝዛል። ይለመዳል?

መልስ፦ አይለመድም፣ እንዲለመድም አይጠብቁ። የጭንን ውጫዊ ጎን ስሜት የሚወስደው ነርቭ ከፊት ባለው የዳሌ አጥንት ጫፍ አጠገብ ያልፋል። የኮርሴቱ የታች ጠርዝ እሱን ሲጫነው ነው የሚደነዝዘው። ወዲያውኑ ይፍቱት፤ ድንዛዜው እስኪጠፋም ደግመው አይልበሱት። ካልለቀቀ ሐኪም ጋ ይሂዱ። የሚያስፈልግዎት የታችኛው ጠርዙ አጭር የሆነ ወይም ከወገብ በታች በደንብ የሚሰፋ ኮርሴት ነው።

ልኩ ስህተት መሆኑን ከኋላ ያለው የክር ክፍተት ይናገራል። ከላይ እስከ ታች እኩል፣ 5 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነ ክፍተት ጤናማ ነው። ከታች ሰፍቶ ከላይ ከጠበበ ለዳሌ ጠቧል፤ ከላይ ሰፍቶ ከታች ከጠበበ ለጎድን ጠቧል። የወንድ የታችኛው ጎድን ሰፊ ስለሆነ ሁለተኛው በብዛት ይገጥማል። ሙሌት የሚያደርጉ ከሆነ ኮርሴቱን የሚገዙት ሙሌቱን ለብሰው በተለካ የዳሌ ልክ ነው፤ ከታይቶቹ በላይ ይታሰራል፣ የታች ጠርዙም የሙሌቱን ስስ ጫፍ ተጭኖ ይይዘዋል።

ለጀማሪ ከወገብ 5 ሴንቲ ሜትር መቀነስ ይበቃል፣ በቀን ከአንድ እስከ ሁለት ሰዓት። ምግብ እንደበሉ አይታሰርም። ትንፋሽ ካጠረ፣ ከወጋዎት ወይም ቃር ካስነሳ ይላላ። ሙሌቱ በትክክል ከተሠራ ከ5 በላይ የሚያስፈልገው ሰው ጥቂት ነው።

ጥያቄ፦ የምገዛቸው ቀሚሶች ወገባቸው ጎድኔ ላይ ነው የሚያርፈው። ትልቅ ቁጥር ብገዛም ያው ነው።

መልስ፦ ትልቅ ቁጥር ይበልጥ የሚጨምረው ወርዱን ነው፤ የሽንጥ ርዝመት ላይ የሚጨምረው ጥቂት ነው። በጎን ዘንበል ይበሉ፤ ሰውነትዎ የሚታጠፍበት መስመር ወገብዎ ነው፣ እዚያ ላይ ክር ይጠምጥሙ። ከአንገት ሥር ከኋላ ከምትወጣው አጥንት እስከ ክሩ ይለኩ። ቀሚሱን በዚያው ይለኩት። ልዩነቱ 3 ወይም 4 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ልብስ ሰፊ ወገቡን ፈትቶ በልዩነቱ ልክ ጨርቅ ሊጨምርበት ይችላል፤ በሌላ ቀለም ከተጨመረም ቀበቶ ይመስላል። ከዚህ የሚቀለው ከላይና ከታች የተለያየ መልበስ ነው፦ ወገቡ ላይ የሚታሰር ጉርድ ቀሚስና ወደ ውስጥ የሚገባ ሸሚዝ። ተጠቅልሎ በጎን የሚታሰር ቀሚስም ጥሩ ነው፤ ማሰሪያው ከጨርቁ ጋር ካልተሰፋ ወገቡን ራስዎ ይወስናሉ።

ጥያቄ፦ ትከሻዬ ሰፊ ነው። ጥቁር ልብስ ይቀንሰዋል ይሉኛል፤ ለውጥ ግን አላየሁም።

መልስ፦ ቀለም ይረዳል፣ ከስፌት ግን አይበልጥም። እጅጌው ከትከሻው የሚጋጠምበትን ስፌት ይመልከቱ። ከትከሻ አጥንት ጫፍ አልፎ ከወደቀ ትከሻውን ያሰፋል፤ ከአጥንቱ ከ1 እስከ 1.5 ሴንቲ ሜትር ወደ ውስጥ ከገባ ዓይን ትከሻው እዚያ ያለቀ ይመስለዋል። ከአንገት ወደ ብብት በሰያፍ የሚሰፋ እጅጌ ከሁሉም ይሻላል፣ ምክንያቱም ትከሻ የሚያልቅበትን መስመር ራሱን ያጠፋዋል። አንገቱ ሾጠጥ ብሎ ወደ ታች የሚወርድ ይሁን፤ ከትከሻ እስከ ትከሻ አግድም የተቆረጠ አንገት፣ ሽንሽን ያለው እጅጌና በጀርባ መሃል የሚገናኝ ማንጠልጠያ ይቅሩ። የታችኛው የቀሚሱ ጠርዝ ወርድ ከትከሻዎ ወርድ ቢያንስ እኩል ይሁን። ጥቁሩን ከላይ ካደረጉ ከታች ፈካ ያለ ወይም አበባ ያለው ይልበሱ፤ ከላይ እስከ ታች ጥቁር መልበስ ልዩነቱን ስለማያሳይ ነው ለውጥ ያላዩት።

አቋምም ሥራ አለው። በጃፓን የካቡኪ ቲያትር እ.ኤ.አ. በ1629 ሴቶች መድረክ ላይ እንዳይወጡ ከተከለከለ ወዲህ የሴት ገጸ ባሕርይ የሚጫወቱት ኦናጋታ የሚባሉ ወንዶች፣ የትከሻ ብራኳቸውን ወደ ኋላ አቀራርበው ወደ ታች ይጥሉታል። ትከሻው ጠቦና ተዳፋት ሆኖ ይታያል። እርስዎም መስታወት ፊት ይሞክሩት፤ ወደ ፊት ከመጉበጥ የተሻለ ነው። ጉብጠት ጀርባን ያሰፋል፣ ጡትንም ይደብቃል።

ጥያቄ፦ የሲሊኮን ጡት ልገዛ ነው። ከጡት በታች ያለው ዙሪያዬ 90 ነው። የትኛው ልክ ይሆነኛል?

መልስ፦ በአውሮፓ ልኬት የጡት መያዣ ቁጥር ከጡት በታች ያለው ዙሪያ ነው፣ ስለዚህ 90። ፊደሉን የሚሰጠው በጡት ላይና ከጡት በታች ባሉት ዙሪያዎች መካከል ያለው ልዩነት ነው፦ ከ12 እስከ 14 ኤ፣ ከ14 እስከ 16 ቢ፣ ከ16 እስከ 18 ሲ። ለሰፊ ደረት ቢ ወይም ሲ ይመጥናል፤ ከዚያ በላይ ሲሆን የላይኛው ክፍል ከብዶ ለዳሌው የደከሙበትን ያጠፋዋል። የጡቱ ጫፍ ከትከሻ እስከ ክርን ባለው ርቀት አጋማሽ ላይ ያርፍ። ጀማሪዎች ከዚህ ከፍ ያደርጉታል፣ ያኔ ሽንጡ ይበልጥ ይረዝማል። 400 ሚሊ ሊትር ሲሊኮን ወደ 400 ግራም ይመዝናል፤ ሁለቱ 800 ግራም ናቸው። ክብደቱን መሸከም ያለበት ዙሪያውን የሚያስረው ክፍል ስለሆነ ከሥሩ ሁለት ጣት ብቻ እስኪያስገባ ይጠበቅ። ማንጠልጠያው ትከሻ ላይ ሰርጉዶ ከቀረ ዙሪያው ላልቷል።

ጥያቄ፦ በጠባብ ቀሚስ ብልቴ ፊት ለፊት እንዳይታወቅብኝ ፕላስተር ልጠቀም?

መልስ፦ አይጠቀሙ። ሲላቀቅ ቆዳ ይልጣል፣ ሽንት ቤት መሄድም አይቻልም። ፊቱ በድርብ ጨርቅ የተሰፋና የሚሳሳብ፣ ጠበቅ ያለ የውስጥ ሱሪ ይበቃል፤ ሙሌቱን የያዙት ታይቶችም ያግዛሉ። ለጥቂት ሰዓት ይለበሳል እንጂ አይታደርበትም። ድንገተኛ ከባድ ሕመም፣ እብጠት ወይም ማቅለሽለሽ ከመጣ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ይሂዱ። ቀሚሱ ገበር ካለው ወይም ከወገብ በታች ሽንሽን ካለው ደግሞ ይሄ ሁሉ አያሳስብም።

ጥያቄ፦ ልብስ ሰፊ ጋ ለልኬት ስሄድ ምን ልበስ?

መልስ፦ ከሥር የሚለብሱትን ሁሉ፦ ሙሌቱን፣ ታይቶቹን፣ ኮርሴቱን በዘወትር ጥበቃው፣ ያንኑ ጡት መያዣ። ባዶ ሰውነት ላይ ተለክቶ የተሰፋ ቀሚስ ዳሌ ላይ አይገባም። ጫማውንም ይዘው ይሂዱ። 6 ሴንቲ ሜትር ታኮ የቀሚሱን ጠርዝ ከፍ ያደርገዋል፣ የዳሌን አቋምም ይለውጣል። ስለዚህ ርዝመቱ የሚለካው በመጨረሻ፣ ጫማውን አድርገው፣ ጥቂት እርምጃ ተራምደው ከቆሙ በኋላ ነው።